ይሉኝታና የደረት ሕመም

አቶ ገብረ ማርያም ያን ዕለት በዓደን ከተማ ከአሽ-ሸዕብ ሰፈር የተነሡት ለሽምግልና ነበር። በወደቡ መጋዘን ከእንግሊዞች ዘመን ማብቂያ ጀምረው እስከ ጡረታቸው ስቶር ኪፐር ሆነው የሠሩ፣ በዓደን ሐበሾች ዘንድ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ኤርምያስ ለሚባል ወጣት የአቶ ነቢዩን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ ወደ ተዋሂ ሰፈር መሄዳቸው ነው። በነሐሴ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው እስከ ዋናው መንገድ በእግራቸው መጡና፣ የአገሩ ሰው «ደባብ» ከሚላት ትንሽ ሚኒባስ ገቡ። ገና በመንገድ ሳሉ ደረታቸው መሐል አንድ ከባድ ነገር ተጭኗቸው ነበር። ሲቀመጡ ይለቀኛል ብለው ነበር፤ አልለቀቃቸውም።

«ጋሽ ገብረ ማርያም፣ እንደምን አሉ?» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት።

የሟች ወዳጃቸው ልጅ ሐና ነበረች። ዓደን ተወልዳ፣ እዚያው ነርስነት ተምራ፣ ኾርመክሰር ባለ አንድ ሆስፒታል በልብ ሕሙማን ክፍል ትሠራለች። አሁንም ወደ ሥራዋ መሄዷ ነው። ስለ ሽምግልናው አጫወቷት፤ እሷ ግን የምታየው ፊታቸውን ነበር። በመኪናው ውስጥ ያላላበው ሰው የለም፤ የእሳቸው ላብ ግን የቀዘቀዘ፣ ፊታቸውም ዐመድ የመሰለ ነው። ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀቻቸው።

«ብርድ ነው፣ ልጄ። ትናንት የጣራውን ማራገቢያ፣ ፓንካውን፣ ከፍቼ ከሥሩ ተኛሁ፤ ነፋሱ ደረቴን መታኝ» አሏት።

ሐና አልተከራከረቻቸውም፤ ጠየቀቻቸው እንጂ። በረጅሙ ሲተነፍሱ ሕመሙ ይለዋወጣል? አይለዋወጥም። በጣት ሲጫኑት ይብሳል? አይብስም። ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል? አቶ ገብረ ማርያም ግራ ክንዳቸው እንደ ደነዘዘ፣ መንጋጋቸውም እንደሚጠዘጥዛቸው ተናገሩ። የመንጋጋው ግን የቆየ የጥርስ ነገር ነው አሉ።

«ጥርስ፣ ክንድና ደረት በአንድ ሰዓት ተቀጣጥረው አይታመሙም፣ ጋሼ» አለች ሐና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልብም እንደ ሌላው ሥጋ ደም ይፈልጋል። ደም የሚወስድለት ሥር ሲጠብ፣ ሰውየው ዳገት ሲወጣ ወይም ዕቃ ሲያነሣ ደረቱን ይጨንቀዋል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። ሥሩ ድንገት ሲደፈን ግን ዕረፍትም አያስታግሰውም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ገብረ ማርያም መዋሸት ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። ከወር ወዲህ ደረጃ ሲወጡ እየያዛቸው፣ ቆም ሲሉ እየለቀቃቸው እንደ ነበር ነገሯት። ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም። ቢናገሩ ገበያ መውጣት ትከለክለኛለች ብለው ነው።

በዚህ መሐል ደባቧ ግራና ቀኙ ባሕር ወደ ሆነው ረጅም መንገድ ገብታ ነበር። መቆሚያ የሌለው መንገድ ነው። ሐና፣ ባሕሩን እንደ ተሻገሩ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መታጠፊያ እንደሚመጣ፣ ከዚያ ካለፉ ግን እስከ ተዋሂ ድረስ የሚረዳቸው እንደማይኖር ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹ ቁመው እየጠበቁኝ ነው፣ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ከሽምግልናው በኋላ ነገ እመጣለሁ አሏት። ሕመሙ ደግሞ እየከበደ ሄደ። ከረባታቸውን ሊያላሉ ሞከሩ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ስለ ቀጠሮው ብቻ አይመስለኝም» አለች ሐና።

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያም እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ፣ «ጨጓራ ሆኖ ቢገኝስ? ይኼ ሁሉ ሰው መንገዱን በእኔ ምክንያት ስቶ፣ ሐኪም ተሰብስቦ፣ በኋላ ጋዝ ነው ቢባል በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» አሏት።

እንዲህ ያለው ይሉኝታ ስንቱን ሰው ከቤቱ በር አስቀርቶታል። ሰው በሕመሙ ምክንያት ሲሞት እናዝናለን፤ አፍሮ በመዘግየቱ ሲሞት ግን ማንም አያውቅለትም።

«ጋዝ ከሆነ እሰየው ነው» አለች ሐና። «እኔ ራሴ ታክሲ ይዤ ተዋሂ አደርስዎታለሁ። በየቀኑ ጨጓራ ሆኖ የምንመልሰው ሰው አለ፤ አንዱንም ለምን መጣህ ብለነው አናውቅም። የሚያሳዝነን ነገ እመጣለሁ ብሎ የቀረው ነው። እኔ ከተሳሳትኩ ግማሽ ቀን ያጣሉ። እኔ ልክ ከሆንኩ ግን በእያንዳንዱ ደቂቃ ከልብዎ የሚሞት ሥጋ አለ፤ እሱን የሚመልስልን የለም።»

የባሕሩ መንገድ አለቀ። አቶ ገብረ ማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያም «ንገሪው» አሏት።

ሐና ለሾፌሩ ለያህያ በዐረብኛ ነገረችው። ተሳፋሪዎቹ ያጉረመርማሉ ብለው ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ ማንም አላጉረመረመም። ያህያ «ኸላስ፣ ያ ዐም፣ በቃ አባባ፣ ደረስን» ብሎ መሪውን አዞረ። በሩ ላይ በእግሬ ልግባ ሲሉ ሐና ከለከለቻቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር አስገባቻቸው። የመድማት ችግር እንዳለባቸው፣ የማይስማማቸው መድኃኒት እንዳለም ጠይቀው አስፕሪን አስኘኳቸው። የልባቸውን ምት የሚጽፈው መሣሪያ ገና ሲነበብ፣ ሐኪሙ ከልብ ሥሮቻቸው አንዱ እንደ ተደፈነ ተናገረ።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተጀመረ ጊዜ የአቶ ገብረ ማርያም ልብ ከምቱ ወጣ። እሳቸው የሚያስታውሱት ጣራው ሲርቅባቸው ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ደረታቸውን በኤሌክትሪክ መሣሪያ መትተው መለሷቸው። ይህ የሆነው ያህያ ተሳፋሪዎቹን ተዋሂ አራግፎ ሳይመለስ ነው። በደባቧ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን መሣሪያ ከየት ያመጡ ነበር?

ሲሻላቸው የጎበኛቸው ሰው ብዙ ነበር። አቶ ነቢዩም መጡ። የሽምግልናው ነገር ብዙ አላከራከረም፤ ልጅቱ ፈቅዳ ነበር፣ አባትም ፈቀዱ። አቶ ገብረ ማርያምን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው። አቶ ነቢዩ ሲገቡ የበሩን መቃን ይዘው ደረታቸውን እያሹ ቆመው ነበር።

«ደረጃው ነው፣ ዕድሜ ነው» አሉ እንግዳው። «ሳርፍ ይተወኛል።»

«እኔንም ይተወኝ ነበር» አሉ አቶ ገብረ ማርያም። «አቶ ነቢዩ፣ ሲያርፉ የሚተውዎ ከሆነ ገና ጊዜ አለዎት፤ ሐኪሙ በክኒን፣ ጨው በመቀነስ፣ ሲጋራ በመተው ሊይዝልዎ ይችላል። ሳይተውዎ ሩብ ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ካላበዎ፣ ካጥወለወለዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ግን አይጠብቁ፤ ብቻዎንም አይሂዱ። ለሚስትዎም ይንገሩ፤ ሴቶችን አንዳንዴ ደረታቸውን ሳያማቸው ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ይመጣባቸዋል ብላኛለች ሐና። እኔ ቀድሜ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ልቤን ይዤ እቀር ነበር። አሁን ከፊሉ ሞቷል፤ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

አቶ ነቢዩ ቤት እንግዳ እንዳለባቸው፣ ሌላ ቀን እንደሚመለሱ ተናገሩ። አቶ ገብረ ማርያም እጃቸውን ዘርግተው የአልጋውን ደወል ተጫኑ። ሐና ስትገባ እንግዳውን በዓይናቸው አሳዩዋት። እሷም ወንበር ሳበችላቸው። አቶ ነቢዩ አንድ ጊዜ በሩን አዩ፤ ከዚያም ተቀመጡና የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።