ውል ሲያልቅ ተጫዋች የማን ነው?

ጋሼ ሀብተሥላሴ ፍሪሞንት የሚኖሩትን ወንድማቸውን ሊጠይቁ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሌክ ሜሪት ጣቢያ ባቡር ሲሳፈሩ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ወንጌላዊትን አገኟት። ወንጌላዊት ከፍሪሞንት አልፎ ሳን ሆዜ ከተማ ባለ የሴቶች ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ክለብ አማካይ ናት። ጋሼም በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን በረኛ ስለነበሩ ጨዋታዋ አምልጧቸው አያውቅም።

«ለልምምድ ነው?» አሏት ከሳሟት በኋላ።

«አይ ጋሼ፣ የተጫዋቾች ማኅበር ዛሬ ቮት ያደርጋል። ከክለቦቹ ጋር የነበረን የኅብረት ስምምነት አልቋል። ካልተስማማን ሥራ እናቆማለን።»

የጋሼ ፊት ጠቆረ። ሠላሳ ዓመት የኤርፖርት ቫን ሲነዱ ከአለቃ ጋር ክፉ ደግ ሳይነጋገሩ ጡረታ የወጡ፣ በዚህም የሚኮሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ እንጀራሽን አትርገጪ። ክለቡ ጉልበትሽ ሲጎዳ አሳክሞሻል።»

«አሳክሞኛል። እኛም የጠየቅነው ደመወዝ አይደለም። ኮንትራቴ በኖቬምበር ያልቃል፤ ሊጉ ውስጥ ስድስት ዓመት ስላልሞላኝ ግን ካለቀም በኋላ የእነሱው ነኝ። ሌላ ክለብ ማናገር አልችልም። እነሱ ግን ሳይጠይቁኝ ትሬድ ሊያደርጉኝ፣ ለሌላ ክለብ ሊለውጡኝ ይችላሉ። ተከላካያችንን ሊያን እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ በስልክ ‹ከነገ ጀምሮ ፍሎሪዳ ነሽ› አሏት።»

«ያሳዝናል። ግን ሊጉ ከቆመ ኮንትራቱ ያለቀውን ማን ያስፈርመዋል? ነጻ እንውጣ ስትሉ ቤት ትቀራላችሁ።»

ወንጌላዊት አልካደችም። «ልክ ነዎት። ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም አይፈርምም፤ ቀድመን የምንጎዳውም እንደ እኔ ያለነው ነን። እኔም ፈርቻለሁ። ነገር ግን ማኅበሩ ዛሬ በአሮጌው ደንብ ስምምነቱን ካደሰ ደንቡ አምስት ዓመት አይነካም።» ወደ እሳቸው ዞር ብላም «እርስዎስ ጋሼ፣ ለምን ነበር መጫወት ያቆሙት?» አለች።

ጋሼ ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩትን ነገሯት። በሃያ ሦስት ዓመታቸው አንድ ትልቅ ክለብ ፈልጓቸው ነበር። ፋብሪካው መልቀቂያ ከለከላቸው። ሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ሲመላለሱ ትልቁ ክለብ ሌላ በረኛ አስፈረመ፤ እሳቸውም ኳስ ተዉ።

«ብቻዎን ነበር የጠየቁት?»

«ብቻዬን።»

«እኛ ከሦስት መቶ በላይ ነን።»

 ባቡሩ ፍሪሞንት ሲደርስ ጋሼ አልወረዱም። ለወንድማቸው ደውለው «ሳን ሆዜ ጉዳይ አለኝ» አሉና ከስብሰባው አዳራሽ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ተጫዋቾቹ እየተቃቀፉ ሲወጡ ውጤቱን ማንም ሳይነግራቸው አወቁ።

ሥራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ክለቡ ሜዳውን ስለዘጋ ልምምዱ መናፈሻ ውስጥ ሆነ፤ ጋሼም በሰባ አንድ ዓመታቸው በየጠዋቱ ባቡር እየያዙ ለበረኞቹ ኳስ ይወረውሩ ነበር። በሃያኛው ቀን ክለቦቹ ፈረሙ፦ ኮንትራቷ ያለቀ ተጫዋች ነጻ ናት፤ ካልተስማማችም ትሬድ አትደረግም።

በኖቬምበር ሦስት ክለቦች ወንጌላዊትን ፈለጓት። የሳን ሆዜ አሠልጣኝ ቤቷ ድረስ መጥታ እንድትቆይ ጠየቀቻት፤ እሷም እዚያው ፈረመች።

«ታዲያ ይህ ሁሉ አድማ ለምን ነበር? ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም» የሚል ሰው ቴሜስካል ሰፈር ባለ ምሳ ቤት ውስጥ ሲገጥማቸው ጋሼ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። ተጫዋቿ መሄድ እንደምትችል ያወቀ ክለብ ሐኪሙንም ሜዳውንም እንደሚያሻሽል፣ የታመመች እናት ያላት ልጅም ቅርብ ያለ ክለብ መምረጥ እንደምትችል አንድ በአንድ ያስረዱታል። «አሁን እኮ» ይላሉ በመጨረሻ፣ «የቆየችው ወዳ ነው።»