አይዞዎት ባዩ

እኔን የሚያህል አጽናኝ በመንደራችን በየቡ አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። የጎረቤቴ የአዴ ከዲጃ አንድያ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ጀምሮ በየቀኑ እየሄድኩ፣ ሻያቸውን እየጠጣሁ፣ «አይዞዎት፣ ኢንሻአላህ ይመጣል» እላቸዋለሁ። እሳቸውም መንገድ መንገዱን እያዩ ይሰሙኛል። አንድ ቀን ታዲያ አላስችል ብሎኝ የማዶዋን ጎረቤት ትሩነሽን አማሁ። «ምን ዓይነት ሰው ናት? አንድ ቀን እንኳ መጥታ አይዞዎት አላለችም!»

«ወላሂ፣ ብላኝ አታውቅም» አሉ አዴ ከዲጃ። «ቡናዬ ቀልቶ መሬት ሲረግፍ ግን ቅርጫቷን ይዛ መጣች። አብረን ስንለቅም ልጄን ትንሽ እረሳው ነበር። አንተ ስትመጣ ደግሞ እንግዳ ጥሎ መሥራት ነውር ነውና፣ ትቻት እገባ ነበር።»

ብርጭቆዬን የማስቀምጥበት ጠፋኝ። ጓሮውን ሞልቶ የተሰጣውን ቀይ ቡና ያየሁት ገና ያኔ ነው። ብድግ ብዬ፣ «ትርፍ ቅርጫት አለዎት?» አልኳቸው።

«ለቀማው እኮ ትናንት አለቀ፣ ልጄ። ቁጭ በል፤ ሻይ ልድገምልህ?»