አስተማሪዬን «ላኪ» ያልኳት ቀን

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ በሰው መሳቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እናንተ ዛሬ ስልካችሁ ላይ አንዱ ሲወድቅ አይታችሁ ከት ብላችሁ ትስቁና ወዲያው ትረሱታላችሁ። በእኛ ጊዜ ግን አንዴ ከተሳቀብህ ስም ይወጣልሃል፣ ስሙም አብሮህ ያረጃል። እኔን እዩኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አምቦ ላይ ጡረታዬን እየበላሁ፣ ለእናንተ ለዩኒቨርሲቲ ልጆች ቤት አከራይቼ፣ «እማማ ታደለች» እየተባልኩ በክብር እኖራለሁ። ጊንጪ ስወርድ ግን ዛሬም አንዱ ሽማግሌ ከመንገድ ማዶ «ላኪ! ላኪ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል። ምነው አትሉም? ስሙኝማ።

አባቴ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ያርስ ነበር። ቤታችን ኦሮምኛ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አማርኛ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ታዲያ በገበያ ቀን አህያ እየነዳሁ እህል አድርሼ ስለምመጣ አረፍዳለሁ፣ ሁልጊዜ አረፍዳለሁ። እና አንዲት አስተማሪ ነበረችን፣ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ጫማዋ ቋ ቋ የሚል፣ ኦሮምኛ የሚባል አንዲት ቃል የማትሰማ። አንድ ቀን ፊት አውጥታ አቆመችኝና «አሁንስ አበዛሽው! ለአባትሽ ደብዳቤ ልላክለት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ አባቴን ስፈራው ለጉድ ነው! በዚያ ድንጋጤ አማርኛዬ ከየት ይምጣ? «ላኪ! ላኪ!» አልኳት።

አያችሁ፣ በኦሮምኛ ጠበቅ አድርገህ «ላኪ» ስትል አይሆንም፣ ይቅር ማለት ነው። ይቅርብኝ ማለቴ ነበር እኮ! እሷ ግን ምን ትስማ? «እንዴ! እንዴ! ጭራሽ ታዢኛለሽ? እኔን አንቺ ትያለሽ?» ብላ አንበረከከችኝ፣ ደብዳቤውንም ላከችው። የክፍሉ ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፣ ነገሩ ገብቶታል፣ ግን ማን ደፍሮ ያስረዳልኝ? ሳቅ ብቻ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ደብዳቤውስ? አባቴ ማንበብ አይችልም። ማን ያንብብለት? እኔ! አገላብጬ አየሁና «ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት ይላል» አልኩት። መረቀኝ፣ በሞቴ፣ ጭንቅላቴ ላይ እጁን ጭኖ መረቀኝ! ይቺን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።

ሳቁ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መልሱን እያወቅሁት ዝም፣ እያወቅሁት ዝም። ስምንተኛን እንደምንም ጨርሼ አምቦ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ መዝገብ ቤት። እግዜር ሲቀልድ አያችሁ? ሥራዬ ደብዳቤ መላክ ሆነ! ታዲያ አግብቼ ሰናይትን ስወልድ፣ ብቸኛ ልጄን፣ «በእሷስ ማንም አይስቅባትም» አልኩና ቤቴን አማርኛ ብቻ አደረግሁት። በኦሮምኛ ስታወራኝ ቁጣ። እና ልጅቷ ትሰማለች እንጂ አትናገርም ሆና አደገች።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ አባቴ ሞተ። ለቅሶ ላይ ሽማግሌዎች ሲመጡ እኔ በእንባ ታውሬያለሁ፣ እሷ እንግዳ ላስተናግድ ብላ ተነሳች። «ኮቱ፣ ኮቱ ኦቦ!» አለቻቸው። «ኦቦ» ማለቷስ ደግ፣ አቶ እንደ ማለት ነው፤ ግን ለትልቅ ሰው «ኮታ» ነው የሚባለው፣ «ኮቱ» እኮ ና ማለት ነው፣ ለሕፃን! የሰፈሩ ጎረምሳ ድንኳን ጥግ ሆኖ ሲስቅባት ዞር ብላ አየችኝ። ብቻ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ኦሮምኛ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፣ እኔም ምንም አላልኩ።

ታዲያ ያቻምና የእሷ ልጅ፣ ቦንቱዬ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ለወላጆች ቀን መድረክ እንድትመራ ተመረጠች፣ በሁለቱም ቋንቋ፤ ኦሮምኛውን ከትምህርት ቤት ይዛዋለች። ሰናይት «አይሆንም!» አለች። «አንዲት ቃል ብትሳሳቺ እስክታረጂ ይስቁብሻል! ነገ ጠዋት ደውዬ ሌላ ልጅ ፈልጉ እላቸዋለሁ።» ልጅቷ እዬዬዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች፣ «አኮ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ!» ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፣ እባቡን ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ!

ሰናይትን «ነይ ተቀመጪ» አልኳትና ከአምሳ ዓመት በላይ የደበቅሁትን ዘረገፍኩት፣ ላኪውንም፣ መንበርከኩንም፣ ደብዳቤውንም። ደብዳቤው ላይ ስትደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና «እማዬ፣ እኔ እኮ ቋንቋሽን ንቀሽው ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

«ንቄ? ፈርቼ ነው እንጂ ልጄ! ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ነው ያወረስኩሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ጉልበቴን ስማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ አልደወለችም።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ ሞላ፣ ቦንቱ ማይኩን ይዛ ወጣች። አቤት ስታምር! በአማርኛው ሸጋ አድርጋ ሄደች፣ በኦሮምኛውም እንደዚያው፣ ከዚያ የክብር እንግዳውን ስትጠራ ምላሷ ተጠላለፈና «ወይዘሮ» ብላ ጠራቻቸው። ሰውየው እኮ ጢማም ናቸው! አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰናይት እጄን ጨበጠችው፣ ጣቴ የሚሰበር መሰለኝ፣ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ቦንቱ ግን እሷም ኪኪኪ ብላ ሳቀችና «ይቅርታ ኦቦ፣ እንደገና ልበለው» አለች፣ አለችውም፣ ቀጠለችም። ሰዉ አጨበጨበ። ሳቁ አለቀ። አለቀ እኮ!

ሰናይት ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ይኸው ብቻ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ዕድሜዬን፣ እሷ ዕድሜዋን የሸሸነው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ሳቅ እንዲህ ያልቃል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፣ እኔም ለልጄ ሳልነግራት ፀጉሯ ሸበተ። በሉ እናንተ ለልጆቻችሁ ቶሎ ንገሩ። አንተ ዳዊት፣ ምነው አንገትህን ደፋህ? ሁለት ዓመት ቤቴ ስትኖር አንዲት ኦሮምኛ አልሰማሁብህም።

— ገለቶሚ፣ እማማ።

ውይ ውይ ውይ! «ገለቶሚ» አለኝ! አመሰግናለሁ ማለቱ ነው! ግን እኩያህ ነኝ እንዴ? ለአሮጊት «ገለቶማ» ነው የሚባለው፣ አንተ ጉደኛ! ኧረ ሳቅሁ፣ ሆዴን! አታፍር፣ አታፍር ልጄ፣ ቀና በልና እንደገና በለው።