«እኔን» ብዬ ተከሰስኩ

ስሙኝማ፤ እዚህ በስደት በምኖርባት ሽሊረን ከተማ፣ ከፈረንጅ ጎረቤቴ ጋር በጋራ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ተራ ተጨቃጨቅን። ሴትዮዋ እንደተናደደች ስትወርድ ደረጃው አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። እኔ ጫፏን አልነካሁም። «እኔን! እኔን!» እያልኩ ሮጥኩ፤ ሰው ሲወድቅ ሌላ ምን ይባላል? እሷ ግን ገፍትራኛለች ብላ ከሰሰችኝ። ፖሊስ ምን ብለሽ ጮህሽ ሲለኝ ያልኩትን ነገርኩት። አስተርጓሚዋ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኛው ልጅ ናት። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብላ ገለበጠችው። በቃ፣ አመነች ተባለ።

ጠበቃዬ በዚችው ልጅ አፍ አስረዳኝ። «ሆን ብለሽ ከሆነ ከባድ ወንጀል ነው፣ በቸልተኝነት ከሆነ ቀላል። ወደ ቀላሉ እናውርደው።»

«ያላደረግኩት ነገር ደግሞ ከባድና ቀላል አለው እንዴ?» አልኩና ልጅቷ ላይ አፈጠጥኩ። «እኔን ማለት እኮ በሷ ፈንታ እኔን በጣለኝ ማለት ነው!»

«ሶሪ፣ እሱን አላውቅም ነበር» አለችኝ። «ግን የፖሊስ ቃልሽ ላይ ፈርመሻል።»

ስንወጣ የጠበቃው ቢሮ ደረጃ ላይ የልጅቷ ጫማ ተረከዝ ታጠፈና በጉልበቷ ወደቀች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።