በገዛ ፈቃዳቸው ያልለቀቁት እኅታችን

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ከስድስት ልጆች ሁለተኛ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው የከተማችንን አዳሪ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ይሰፉ ስለነበርና የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ልጅቷ ያለ ክፍያ ትግባ ስላሉ፣ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች በነጻ ከተመደቡት ስምንት አልጋዎች በአንዱ ተኝተው ትምህርታቸውን ጨረሱ። ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው በጀርባቸው ታዝሎ ያደገ ነውና፣ ድምፁ ከሐዘን ይልቅ በቁጣ ቢንቀጠቀጥ ይቅርታችሁን ይለምናል።

ወደዚያው ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ተመልሰው፣ ኋላም የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ የስምንቱ አልጋ አደራ በእጃቸው ነበር። የትምህርት ቤቱን አናጢ አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ባለቤታቸውም ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አልጋውን እኔ እሠራለሁ፣ የሚተኛበትን እሷ ታመጣለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በኃላፊነታቸው የመጀመሪያ ዓመት ግን ከባድ ስሕተት ሠሩ። የአመልካቾችን ቤት ሄደው የሚያዩበትን ቀን አስቀድመው ያስታውቁ ስለነበር፣ እንግዳን በባዶ ቤት መቀበል ያሳፈረው አንድ ቤተሰብ ከጎረቤት ሶፋና ቴሌቪዥን ተውሶ ቢጠብቃቸው፣ እኅታችን የውሰቱን ዕቃ አይተው «መክፈል ይችላሉ» ብለው ጻፉ። በዚህ ሳትገባ የቀረችውን የዚያን ቤተሰብ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ብሎኬት በሚመረትበት ግቢ አሸዋ ስትዝቅ ሲያገኟት እንድትገባ ለመኑላት፤ ዕድሜዋ አልፏል ተብሎ አዳሪ እንዳትገባ ብትከለከልም፣ ከደመወዛቸው እየከፈሉ በማታ አስተማሯት። ከዚያ ወዲህ ሳይናገሩ ማንኳኳት ስለጀመሩ ሰዉ ሁሉ «እትዬ ሳይታሰብ» አላቸው፤ ስሕተታቸውንም ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ራሳቸው ይነግሩ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ የንግድ ሸሪካቸውን ልጅ «ችግረኛ ነው» የሚል ደብዳቤ አስይዘው ላኩ። እኅታችን እንደ ልማዳቸው ሳይናገሩ ሄደው፣ ዘበኛው ደጅ ቢያቆማቸውም በበሩ ክፍተት ሁለት መኪና አይተው ተመለሱና «ነጻ አልጋ አይገባውም» ብለው ጻፉ። ይኼኔ ቦርዱ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በገዛ አንደበታቸው የተናዘዙትን ያንን የጥንት ስሕተት አንሥቶ «እርስዎ ችግረኛ መለየት አይችሉም» አላቸው። ቁልፋቸውን ነጥቆ የተቀደደ ፍራሽ በሚከማችበት ክፍል ወንበር ሰጣቸው፤ አራት ወር ያለ ሥራ እዚያ ተቀምጠው ተገፍተው ወጡ። ትምህርት ቤቱ አዘጋጅቶ በላከልን የሕይወት ታሪክ ላይ «በገዛ ፈቃዳቸው በክብር ተሰናበቱ» የሚል ተጽፏል። ወንድማቸው ይህን አያነብም፤ ውሸት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከእጥበት እየተመለሱ፣ ቤታቸው ድረስ ለሚመጡ ወላጆች ተጋድመው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ ዘንድሮ ከጻፉላቸው አሥራ አንድ ልጆች አንድም አልተጠራም። በስምንቱ አልጋ ላይ የእነማን ልጆች እንደተኙ ከፊት የተቀመጣችሁት የቦርድ አባላት ታውቃላችሁ። እኅታችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

በቁማቸው የገፋቸው እጅ ዛሬ የአበባ ጉንጉን ይዞ ስለመጣ፣ ቤተሰቡ ጉንጉኑን ከደጅ አስቀርቶታል።

እኅታችን ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አምስት እኅት ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም በእጃቸው ገብተው ተምረው ዛሬ አስከሬናቸውን በትከሻቸው ያመጡትን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ደክመዋልና ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፣ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥ። እናንተ የቦርድ አባላት ግን፣ ስምንቱ አልጋ ለሚገባቸው ልጆች እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ ይንሣችሁ።