በአልጋው ግራና ቀኝ

ከአል አይን ወደ አቡ ዳቢ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ሁለት ያገሬ ሰዎች ተቀምጠዋል። ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቷል።

«የመብራት ዝርጋታ ነው የምትስለው?» አሉት ጠና ያሉት ሰውዬ።

«አዎ ጋሼ፣ አዳማ የማሠራው ቤት ነው። ሶፍትዌሩን ልግዛ ወይስ ነጻው ይበቃኛል እያልኩ ነው።»

«እኔም ሙያዬ ነው። የሚከፈልበት የሚጠቅመው ሁለት ሰው አንድ ስዕል ላይ አብሮ ሲሠራ ነው።»

«እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ነጻው ይበቃሃል፤ ፍሉስህን አታባክን። ባለቤትህ አገር ቤት ናት?»

«አላገባሁም።»

«ታዲያ በአልጋው ግራና ቀኝ ማብሪያ ማጥፊያ ያደረግኸው ለማን ነው?»

«ሸኽቦት ሲቲ የሰው ቪላ ስስል ለምዶብኝ ነው። አንዱን ላጥፋው?»

«ተወው ልጄ፤ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ማስገባት ይከብዳል።»

ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ቦርሳ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።