አልካፈል ያለው አስር ሺህ ሰባት ችግኝ

ሰሞኑን ከዲላ ወደ ጪጩ ስሄድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃ ያዘውና ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ምነው ባልወረድኩ! መንገድ ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ ስደርስ አቶ በቀለ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው የቡና ችግኝ ያስቆጥራሉ። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ርሷል፤ እነሱ ግን መትከሉን ትተው ቆጠራ ይዘዋል። ችግኙ በተነሳና በተጣለ ቁጥር ላስቲኩ እየተቀደደ ሥሩ ይራቆታል።

"ምን ሆናችሁ ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ሌባ እየፈለግን ነው መምህር። አስር ሺህ ሰባት ችግኝ ለአስራ ሦስት አባወራ ብናካፍለው አስር ተረፈ። እውነተኛ ነገር እኩል ይካፈላል፤ ካልተካፈለ እጅ ገብቶበታል። ቦና ነገ ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌ ፊት ይቆማል።"

የጣቢያው ጠባቂ ቦና አጥሩን ተደግፎ ያለቅሳል። እንጀራውንም ስሙንም ሊያጣ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታጠናዋ የአቶ በቀለ የወንድም ልጅ ሀሴት ጠጋ አለች።

"አጎቴ፣ ለሌላ ቁጥር አካፍላችሁ ሞከራችሁ?"

"ለሰባት መንደር ብናደርገው አራት ተረፈ። ለሦስት ሁለት፣ ለአምስትም ሁለት! ስርቆት ካልሆነ እርግማን ነው።"

"ሁለቱም አይደለም፤ የቁጥሩ ጠባይ ነው። ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም እኩል አይካፈልም።"

"ይህን የሚያህል ትልቅ ቁጥር? አንድ በሬ እንኳ ለስንት ሰው ይካፈላል!"

"በሬ በቢላ ይቆረጣል። ችግኝ ለሁለት ተቆርጦ ይጸድቃል?"

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ምን ያበቃል! "እንግዲያው እንደገና ይቆጠር" አሉ አቶ በቀለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ግን ከመማሩም ከመጠየቁም መክሰስን እናስቀድማለን። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ሀሴት በእጇ ያዘችኝ።

"እሺ አጎቴ፣ ቦና ሌባ ነው እንበል። የተረፉትን አስሩን ወስዷቸው ቢሆን ኖሮስ?"

አቶ በቀለ አሰቡ። "ያኔማ ለአስራ ሦስታችን እኩል ይደርስ ነበር።"

"ቦናንስ ምን ይሉት ነበር?"

"እውነተኛ ሰው" አሉ አቶ በቀለ።

"ስለዚህ ቢሰርቅ ይመሰገን ነበር። ስላልሰረቀ ሊከሰስ ነው።"

አቶ በቀለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አጥሩ ሄዱና በሰው ሁሉ ፊት ቦናን ይቅርታ ጠየቁት። ችግኙ በዚያው ቀን ተተከለ፤ የተረፉት አስሩም በመንደሩ ጸሎት ቤት ግቢ ተተከሉ። ሒሳብ ማወቅ ለተማሪ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይስማ፦ የጎረቤትን ስም ከሐሜት ያድናል፣ ችግኝን ከመድረቅ፣ ሽማግሌንም ከስህተት ፍርድ።

ቦና እንባውን ጠርጎ ፈገግ አለ። "ጋሼ፣ ለከርሞ እኩል ቢካፈልስ?"

"ያኔማ ሰርቀሃል ማለት ነው" አሉ አቶ በቀለ፣ "አንተን አያድርገኝ!"

እኔ ራሴን ይዤ ወደ ባጃጁ ተመለስኩ።